ድንኳን ጭነው ዲላ ሲወርዱ

ልጆቹን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ ለመውረድ አስበዋል እንበል። መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነዳጁን ቤትዎ ተቀምጠው ማስላት ይችላሉ። ኪስ የሚያራቁተው የአልጋ ሒሳብ ነው። አምስት ሆናችሁ በየደረሳችሁበት ሁለት ክፍል ከያዛችሁ፣ ለሦስት ሌሊት የስድስት አልጋ ሒሳብ ነው።

አልጋና ምድጃ በተገጠመለት መኪና በዚሁ መስመር ወደ ሞያሌ የሚያልፉ የውጭ አገር መንገደኞች ዘዴውን ያውቁበታል። ሆቴል ሲደርሱ የሚጠይቁት ክፍል ሳይሆን ግቢ ነው፤ መኪናቸውን አጥር ውስጥ አቁመው፣ ለማደሪያውና ለሻወሩ ትንሽ ከፍለው ያድራሉ። የእኛ መኪና አልጋ ባይኖረውም ድንኳን አያቅተውም። ሰፊ ግቢ ያለው ሆቴል ፈልገው አንድ ክፍል ብቻ ይያዙ። እናትና ሕፃን እዚያ ይደሩ፤ ሻወሩና መጸዳጃው የሁሉም ይሆናል፤ ትልልቆቹ ከአባታቸው ጋር ድንኳን ይግቡ። (የእኔዎቹ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚያድር ዕጣ ካልወጣ አይስማሙም፤ ሁሉም ድንኳን ነው የሚለው።) ዋጋውን ድንኳኑ ሳይዘረጋ ይነጋገሩ፦ ክፍያው በሰው ነው በድንኳን? ቁርስ አለው? ቤተሰብ ሲበዛ በድንኳን መክፈል ያዋጣል። ሦስቱንም ሌሊት አንድ ቦታ እንደሚያድሩ ከነገሯቸው ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ አፍ ይኖርዎታል።

ለዚህ ዲላ ይመቻል። ሐዋሳን ለምሳ ብቻ ይለፏት፤ ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር ማደር ውድ ነው። ከዲላ ተነሥተው የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮችና ይርጋ ጨፌን አይተው በዕለቱ መመለስ ይችላሉ።

«ለምን እንከፍላለን? ጫካ ሞልቶ!» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ከወናጎ አለፍ ብለን፣ ከመንገድ ወጣ ባለ ጥላ ሥር ካስማ ስንመታ አንድ አዛውንት መጡ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ካስማው አጠገብ ያለውን የቡና ችግኝ ቀና አደረጉና «ልጆቼ፣ ይሄ ጓሮ ነው» አሉን።

ጌዴኦ ውስጥ ጫካ የሚመስለው አብዛኛው የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ትልልቅ የአገር ዛፎች፣ መካከል እንሰት፣ ከሥር ቡና፤ ሁሉም ባለቤት አለው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከትክል ድንጋዮቹ ጋር ይህን አስተራረስ ጭምር ነው የመዘገበው። አዛውንቱ ደጃቸው ላይ አሳደሩን፤ ቆጮና ቡና ቀረበልን። ጠዋት ገንዘብ ስዘረጋ «እንግዳ ይከፍላል?» ብለው እጄን መለሱት። ቁጠባዬ በእሳቸው ማጀት እንደተሸፈነ የገባኝ ያኔ ነው፤ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ለግቢ ማደሪያ ስከፍል አልከራከርም፤ ለትክል ድንጋዮቹ አስጎብኚም አልሰስትም። የቤቴንም ቡና የምሸምተው ከዚያው ነው።

ታኅሣሥ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ የቡና ለቀማውም ገና አላለቀም። ጥር ላይ ከሄዱ ግን ቅዳሜን ይዝለሉ። ሆቴሉ ሠርግ ካለበት፣ በድንኳን ሸራ ውስጥ ሆነው ሙዚቃውን እስከ ሌሊት መስማትዎ ነው። ወደ ቡሌ ከፍታ ከወጡ ደግሞ ብርዱ የዲላ አይደለም፤ ለልጆቹ አንዳንድ ብርድ ልብስ ይጨምሩ።