«አልፎ አልፎ ይጠጣል»

በተማሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የማይነሣ ጉዳይ የለም ማለት ይቻላል። ስለ መሬትና ስለ ገበሬው፣ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ፣ ስለ ጥገኝነት ሕግና ስለ ትምህርት ክፍያ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። ክርክሩ ሲያበቃም ጉሮሮአችንን ለማርጠብ ተያይዘን ወደ መጠጥ ቤት እንሄዳለን። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ መጠጡ ስለ ራሱ ተወያይተን ግን አናውቅም። ይህን ጽሑፍ ለአንባቢያን ስናቀርብ ሌላውን ለመገሠጽ ብቃት አለን ከማለት አይደለም። ዝምታችን አንድ ወንድማችንን ከሞት አፋፍ አድርሶት ስለ ነበርና እርሱም ራሱ «ጻፉት፤ ስሜን ብቻ ተዉት» ስላለን ነው።

እኛ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አፓርታማ ኪራይ ተካፍለን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። በዕድሜ ታላቃችን የሆነው ጓደኛችን ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ እየተማረ ሌሊት ታክሲ ይነዳ ነበር። ትምህርቱን አገር ቤት አቋርጦ የመጣ፣ የጥገኝነት ማመልከቻው ለዓመታት ያለ ውሳኔ የተንጠለጠለበት፣ በየወሩ ለእናቱ ገንዘብ መላክ አንድ ጊዜ እንኳ አጓድሎ የማያውቅ ሰው ነው። ከሥራ ሲገባ ፀሐይ ትወጣለች። መጋረጃውን ጋርዶ እንቅልፍ እንዲወስደው ሁለት መለኪያ ውስኪ ይቀዳል። ሁለቱ አምስት፣ አምስቱም ጠርሙስ ሲሆን በዓይናችን አየን። ሲነሣ እጁ ሲንቀጠቀጥ «ድካም ነው» አልን። የኪራይ ድርሻው ሲጎድል አሟላንለት፤ ከክፍል ሲቀርም «ታሟል» ብለን ለመምህሩ ጻፍንለት። ይህን ሁሉ ያደረግነው ወንድምነት መስሎን ነበር።

ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ጓደኛችን ጾሙን በሙሉ መጠጥ በአፉ ላያዞር ወሰነ። ደስ ብሎን የቀረውን ጠርሙስ አብረን ደፋን። በመጀመሪያው ቀን ማታ ላብ ያጠምቀው፣ ሰውነቱም ይርገፈገፍ ጀመር። በሁለተኛው ሌሊት ከግድግዳው ውስጥ ሰዎች እየወጡ እንደሚጠሩት ነገረን፤ የሞተ አባቱን ስም እየጠራም በሩን ሊሰብር ታገለ። ከመካከላችን አንዱ መንፈስ ነው ብሎ ጠበል ረጨው። ሌላው እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያየው ቅዠት ነው አለ። ሊነጋጋ ሲል አረፋ ደፍቆ ወለሉ ላይ ወደቀና አምቡላንስ ጠራን።

ሆስፒታል እንደ ደረስን ነርሷ «መጠጥ ይጠጣል? ምን ያህል?» ብላ ጠየቀችን። እርስ በርሳችን ተያየን። «አልፎ አልፎ ይጠጣል» አልን። ይህን ስንል የወንድማችንን ስም መጠበቃችን ነበር፤ ቃሉ ተጽፎ የጥገኝነት ጉዳዩን ያበላሽበታል የሚል ፍርሃትም ነበረን። ሐኪሞቹ ቃላችንን አምነው ሌላ በሽታ ፍለጋ ጀመሩ። የአንጎሉ ፎቶ ተነሣ፤ የሚጥል በሽታ በዘሩ እንዳለ ተጠየቀ። እርሱ ግን እየባሰበት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ከሁላችን ታናሽ የሆነው ሐኪሟን ተከትሎ ወጣና ኮሪደሩ ላይ እያለቀሰ እውነቱን ነገራት፤ በቀን አንድ ጠርሙስ፣ ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ። እርሷም «ይህን ጧት ብትነግሩን ኖሮ» ብላ ሳትጨርሰው ወደ ውስጥ ሮጠች።

ቆየት ብላ ያስረዳችን ነገር አገር ቤትም እዚህም ማንም ነግሮን የማያውቅ ነበር። አልኮል አንጎልን ያቀዘቅዛል። አንጎል ለዓመታት ይህን ጫና ሲቋቋም ከኖረ በኋላ ጫናው በአንድ ጊዜ ሲነሣለት፣ ገደቡ እንደ ተናደ ወንዝ ያለ ልክ ይፈላል። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የሌለ ማየቱና መውደቁ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ካልታከመም ይገድላል። ስለዚህ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በጾምም ሆነ በስለት ያለ ሐኪም በአንዴ ማቆም የለበትም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አንባቢ ከጽሑፋችን ይዞ ቢሄድ ይበቃናል።

በማግሥቱ ለእህቱ ለመንገር ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ይዘን፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድን። የምትኖረው ብዙ ወገኖቻችን በሚገኙበት በሴሚናሪ ሮድ አካባቢ ነው። የሆነውን ስንነግራት አለቀሰች፤ ቀጥላም እርሷ በበኩሏ የደበቀችውን ነገረችን። የ17 ዓመት ልጇን በገና ሰሞን ጓደኞቹ ራሱን ስቶ አምጥተው በር ላይ ጥለውት ነበር። የባሏ አባት የሆኑት አዛውንት ደግሞ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ክንዳቸው የተሰበረው፣ ለእንግዳ እንደ ተነገረው ወለሉ አዳልጧቸው ሳይሆን ጠጥተው ነው። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ዕድሜ፣ ሦስት ውሸት ማለት ይህ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩን ስንጠይቅና ስናነብብ ከረምን።

መነሻው ከየት ነው? ጠላና ጠጅ ከእናቶቻችን ጓዳ የወጡ ናቸው፤ ጌሾ ያልተወቀጠበት ሠርግም ተዝካርም የለም። ነገር ግን በዚያ ድግስ መጠጡ ባለቤት ነበረው። ደጋሹ ይጠምቃል፣ አሳላፊው ይቀዳል፣ ቀኑ በማኅበሩ የታወቀ ነው፣ ጾሙ ይገድበዋል፤ የሰከረውንም ጎረቤት ይዞት ይገባል። አገራችን ከስካር ነፃ ነበረች ማለታችን አይደለም። አረቄ ቤት የበተነውን ትዳር ሁላችንም እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያገደውና ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ግን ቀጂም ተቆጪም የለም። በቨርጂኒያ ከመንግሥት መደብር፣ በእኛ በሞንትጎመሪ ካውንቲም በአብዛኛው ከካውንቲው መደብር ጠርሙሱን ከመደርደሪያ አንሥተን በከረጢት ይዘን እንገባለን። ብቻችንን እንቀዳለን፤ ስንት እንደ ቀዳን የሚያይ የለም።

በዚህ ላይ የስደቱ ጠባይ አለ። ለትምህርት መጥተው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መመለሻ ያጡት፣ ቀጥሎም ከቀይ ሽብር አምልጠው በሱዳን በኩል ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1980 በታወጀው የስደተኞች ሕግ የገቡት ወገኖች በመጀመሪያ የተሰባሰቡት በዋሽንግተን በአዳምስ ሞርጋን ሠፈር ነበር። በኋላ ኪራዩ ሲንር ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጡ። «ለጊዜው ነው» ብለው ነበር የመጡት። ለጊዜው የመጣ ሰው ቤቱን አያደራጅም፣ ሐኪም አያበጅም፤ ቀኑን የሚያስረሳውን ይፈልጋል። ያ «ለጊዜው» አርባ ዓመት የሆነባቸው ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ እኛም በተራችን ያንኑ ቃል እንናገራለን።

ጉዳቱ በየዕድሜው መልኩን ይለውጣል። ልጁን ብንወስድ፣ አማርኛው ተሰባብሮ ሽማግሌዎች ፊት ያፍራል፣ በትምህርት ቤትም እንደ እንግዳ ይታያል። መጠጥ ከሁለቱም እፍረት ለአንድ ማታ ያወጣዋል። መጀመሪያ የቀመሰው ግን ከጓደኞቹ አልነበረም። በሠርግ ላይ «ወንድ ሆነ!» እያልን የቀዳንለት እኛ ነን። የአንጎል ዕድገት እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ አያበቃም፤ መጠጥም ገና ሲሠራ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት የጀመሩ ሰዎች 20 ዓመት ሞልቷቸው ከጀመሩት ይልቅ በሱስ የመያዝ ዕድላቸው አራት እጥፍ ያህል ሆኖ እንደ ተገኘ አሳይቷል።

በእኛ ዕድሜ ደግሞ መጠጥ የእንቅልፍ መድኃኒት መስሎ ይገባል። በእርግጥ ቶሎ ያስተኛል፤ የእንቅልፉን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል፣ ደክሞ የተነሣውም በማግሥቱ ይጨምራል። ዲግሪ ይዞ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ የላከው ገንዘብ ሁልጊዜ የሚያንስበት፣ ልጆቹን አገር ቤት ትቶ ወረቀት የሚጠብቅ ሰው የሚያስረሳውን ቢፈልግ አይደንቅም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ጉበት ይጠነክራል፣ የደም ግፊት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1988 የአልኮል መጠጥን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በደሙ ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ይዞ መሪ የጨበጠ ሰው ወንጀለኛ ነው፤ መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ሴቶች እህቶቻችን የሚጠጡት ከወንዱ ይልቅ ተደብቀው ነው፤ ያው መጠን በሴት ደም ውስጥ ይበልጥ ስለሚከማች ጉዳቱ ይፈጥንባቸዋል፤ ስለሚፈሩት ስም ግን ወደ ሐኪም የሚሄዱት ዘግይተው ነው።

አዛውንቱን ያመጣናቸው የልጅ ልጅ እንዲጠብቁልን ነው። ቋንቋው አይገባቸውም፣ አውቶቡስ አይሳፈሩም፣ ቀብርና ለቅሶ ከሚደርሱበት ሠፈር ወጥተው በአሥረኛው ፎቅ መስኮት መኪና ሲቆጥሩ ይውላሉ። «ለደም ዝውውር ይበጃል» ብለው አንድ መለኪያ ይጀምራሉ። በእርጅና የሰውነት ውኃ ስለሚቀንስ ያች መለኪያ በወጣትነት ከምትሠራው በላይ ትሠራለች፤ ከግፊት፣ ከስኳርና ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ስትገናኝም ትጥላለች። ሲወድቁና ሲረሱ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ እኛም ከአክብሮት የተነሣ አንጠይቃቸውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ሱስ የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን መድኃኒት ያለው በሽታ መሆኑን እንቀበል። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ፣ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ በአክሮን ከተማ ሁለት ጠጪዎች የጀመሩት፣ ስም ሳይጠየቅ እርስ በርስ የመረዳዳት ማኅበር በሁለቱም ከተሞቻችን ይሰበሰባል። ወደ 988 የደወለ ሰው ስለ መጠጥም የሚያናግረው ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ለሐኪም አንዋሽ። ፍርሃታችን ከባዶ ሜዳ የመጣ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የአሜሪካ የዜግነት ሕግ «ልማደኛ ሰካራም»ን መልካም ጠባይ እንደ ጎደለው ይቆጥራል። ሆኖም የሱስ ሕክምና መዝገብ በፌዴራል ሕግ በልዩ ምስጢርነት የተጠበቀ ነው። ሰውን ለዳኛ የሚያቀርበው ሰክሮ መንዳቱ ነው፤ መታከሙ አይደለም። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ አባቱን ወይም እናቱን ልጅ አያስተርጉም፤ በልጅ ፊት የሚዋሽ ወላጅ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ «በሞቴ አንድ ድገም» ማለትን እንተው። ይህን ቃል በየጠረጴዛው ስንለው ኖረናል። ማን ሞት እንደሆነ ያስተዋልነው ወንድማችን ወለሉ ላይ ሲወድቅ ነው። አልጠጣም ያለውን ሰው ምክንያት አንጠይቀው፤ ውኃውን ወይም ቡናውን በክብር እንቅዳለት። የማኅበራችን ስብሰባም ከክርክሩ በኋላ ወደ መጠጥ ቤት ብቻ የሚያመራ መሆኑ ይቅር።

ጓደኛችን ከሆስፒታል ከወጣ ዓመት አልፎታል። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግሥቱ ነግሮናል። የሌሊት ሥራውን ትቶ ቀን ይነዳል፤ ወረቀቱ ገና አልመጣም። በዘንድሮው ሁዳዴ መግቢያ ማታ ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ ነበረው፤ እኛም አብረን ሄድን። ነርሷ የተለመደውን ጥያቄ ስትጠይቅ ወደ እኛ ዞር ብሎ አየና፣ የመጨረሻዋን መለኪያ የጠጣበትን ቀን፣ ወርና ሰዓት ሳይደብቅ ራሱ ነገራት። እርሷም ጻፈችው።