ከበረዶው ሥር ያለው ስኳር

ለኔ በረዶ ማለት ሐምሌ ላይ የአዲስ አበባን ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው፣ በልጅነታችን በሳህን ለቅመን ወደ አፋችን የምንሰደው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ውሃ ይሆናል። የስዊዘርላንዷ ዳቮስ ግን ሌላ ዓለም ናት፤ እዚህ በረዶ ከገባ እስከ ፀደይ አይወጣም!

ማምሻውን 11 ሰዓት ላይ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። እዚሁ ከተማ ያለው የበረዶና የበረዶ ናዳ ምርምር ተቋም የነገውን አደጋ የሚያሳውቀው ያን ጊዜ ነው። ከ5 ደረጃ 3ኛው ላይ ነን። መካከለኛ ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል የስኪ ጉዟችን መሪ ራሷን ግራ ቀኝ ወዘወዘች። ብዙ ሰው የሚሞተው በዚሁ ደረጃ ነው አለችኝ።

ጠዋት የሬዲዮ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ደረታችን ላይ አሰርን፤ ተጣጣፊ ዘንግና አካፋ ያዝን። ናዳ የቀበረውን ሰው የሚያተርፉት አብረውት ያሉ ጓደኞቹ ናቸው፤ ጊዜውም በደቂቃ ይቆጠራል።

ከዚያ ሽቅብ! ስኪ ቁልቁል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሥሩ ፀጉራም ጨርቅ ይለጠፍበታል፤ ፀጉሩ ወደ ኋላ ስለተኛ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ግን ንቅንቅ አይልም።

አንድ ተዳፋት ጥግ መሪያችን እስከ ወገቧ ቆፈረች። ግድግዳውን ስታስተካክለው አፌን ያዝኩ። ነጭ በነጭ ያልኩት ሁሉ ንብብር ነው! ከላይ ትናንት የወረደው ላባ፣ ከሥሩ ነፋስ የጠቀጠቀው፣ ከዚያ ፀሐይ አቅልጣው ውርጭ ያደረቀው ስስ ቅርፊት። ከመሬቱ አጠገብ ካለው እፍኝ ዘግና ሰጠችኝ። ብጨብጠው አልያዝ አለ፤ በጣቶቼ መካከል እንደ ስኳር ፈሰሰ፣ እያንዳንዷ ቅንጣት ብልጭ እያለች። የክረምቱ መግቢያ ላይ የወረደ ስስ በረዶ ነው። ከታች የመሬቱ ሙቀት፣ ከላይ የሌሊቱ ብርድ ሲይዙት እንፋሎት በውስጡ ሽቅብ እየወጣ ቅንጣቱን እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ ያኔ እርስ በርስ መያያዙን ይተዋል። ያ ሁሉ ሸክም የተቀመጠው በዚህ ውብ ነገር ላይ ነው!

ጥንካሬውን ልትፈትን ከበረዶው ዓምድ ቆርጣ አካፋዋን አናቱ ላይ አሳርፋ መታ መታ አደረገችው። 10 ጊዜ ከእጅ አንጓዋ፣ ቀጥሎ ከክርኗ። ከክርን 3ኛው ላይ ዓምዱ ሸርተት ብሎ እግሬ ሥር ዱብ አለ። ሰውነቴን ወረረኝ።

ፊት ለፊታችን ያለው፣ ማንም ያልረገጠው ቁልቁለት ልብ ይሰርቃል። ከ30 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ስለሆነ ግን ተውነው። ሜዳውን ስንሻገር ከእግሬ ሥር «ዉምፍ!» የሚል የታፈነ ድምፅ ተሰማ፤ መሬቱ ዝቅ ያለ መሰለኝ። ያ ስኳር ነው የተደረመሰው። ሁላችንም ቀጥ አልን። ከዚያ ለዘብ ያለውን መርጠን አንድ በአንድ ወረድን፤ ላባው ጉልበቴ ላይ እየተበተነ፣ እኔም በደስታ እየጮህኩ።