መቶ ሲሲ ወደ ኩኒ

ልጆች ሳለን አሰበ ተፈሪ ውስጥ ማን እንደመጣ ለማወቅ ጆሮ ይበቃ ነበር። ዛሬ ስሟ ጭሮ ነው፤ የእኔ ዕድሜ ሰው ግን ከድሮ ስሟ ቶሎ አይላቀቅም። ከሚኤሶ በኩል ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣው ኤንትሬ ድምፁ ለብቻው ነው። የጤናው ሰውዬ ዶቅዶቄም ለብቻው። ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ ድምፁ ይቀድመዋል፤ እኛም ጨዋታችንን ጥለን ወደ መንገድ እንሮጣለን።

ያማሃ ነበረች፤ ኤጂ 100 የሚሏት። ለእርሻ ሥራ ታስባ የተሠራች ስለሆነች ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይበላው በሽፋን ተከድኗል፣ መቆሚያዋም በግራም በቀኝም ነው። የኋላው መጫኛ ላይ የክትባት መድኃኒት የያዘ የበረዶ ሳጥን ከአሮጌ ጎማ በተቀደደ ላስቲክ ታስሮ ይመጣል። ከማርሚታዋ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል የሁለት ምት ሞተር ጭስ ነው። ያኔ ይህን የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። እኛ የምናውቀው ሽታው ከጎረቤት ከሚቆላው ቡና ጋር ሲቀላቀል ደስ እንደሚል ብቻ ነው። ዛሬም ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ቆም እላለሁ።

ሰውዬው ደግ ነበር። መርፌ ሲወጋ ያለቀሰውን ልጅ አስቀድሞ ታንከሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እስከ መስጊዱ ወስዶም ይመልሰዋል። «ጋሼ፣ እኔም አልቅሻለሁ!» እያልን እንከበዋለን። እናቴ የምታቀርብለትን ሆጃ፣ ወተት የገባበትን የቡና ገለባ፣ ቆሞ ይጠጣል፤ ሞተሩን አያጠፋውም። ካጠፋው በእርግጫ ለማስነሳት መከራ ነበር።

ትንሽ ከፍ ስንል ውሏችን ጋራዥ ደጃፍ ሆነ። ጋራዥ ልበለው እንጂ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የተዘረጋ ጆንያ ነው። ትንሽ ሞተር የምወድበት ምክንያት እዚያ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ አየሁት፤ አንድ ፒስተን፣ አንድ ካንዴላ፣ አንድ ካርቡራተር፣ በቃ። የመኪና ሆድ ግን ለልጅ ዓይን አያልቅም። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ እጃችን ላይ ያስቀምጥልናል፤ «ተመልከቱ፣ ሞተሩ ምን እንደበላ ይነግራችኋል»። ጠቁሮ ከረጠበ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቶበታል፤ ቀለሙ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ድሃ ሰው በራሱ እጅ ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ ገጥሞ ሊያስነሳው የሚችል መሣሪያ ምን ያህል ክብር እንደሚሰጥ ያወቅሁት የዚያን ሰው ጣቶች እያየሁ ነው።

በኋላ እዚህም እዚያም ተፈናጥጬ መሄድ ጀመርኩ። ከጭሮ ወደ ኩኒ ሲወጣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ነጂው ደረቱ ላይ ከጃኬቱ ሥር ጋዜጣ ያነጥፋል፣ ለእኔም ግማሹን ቀዶ ይሰጠኛል። ጥዱና እርጥብ አፈሩ ይሸታል። በዴሳን አልፈን ወደ ገለምሶ ስንጠጋ አየሩ ይለዝባል። ዝናብ ጥሎ ከሆነ የቡና አበባው ሽታ መንገዱን ያጥነዋል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይህን ያገኘ ሰው አላውቅም፤ መስኮቱ ቢከፈት እንኳ ያው አይደለም።

ከዚያ የሕንዶቹ መጡ፣ ቦክሰርና ቲቪኤስ። አራት ምት ናቸው፤ ጭስ የላቸውም፣ በአንድ ሊትር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋና በሃይላንድ እየተሞላ መንገድ ዳር ሲሸጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጫት ደግሞ አይጠብቅም፤ ማልዶ ተቀጥፎ ቶሎ ገበያ ካልደረሰ ይጠወልጋል፣ ዋጋውም አብሮ ይወድቃል። ከተራራው ጥግ ያለ ገበሬ አህያውን እየነዳ ገበያው ያመልጠው ነበር። አሁን የሂርና ልጅ የታሰረውን ጫት በቅጠል ጠቅልሎ ከኋላው ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል። ሆንዳ ያችን ሱፐር ከብ የምትባለውን 50 ሲሲ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲያወጣ፣ ምግብ አመላላሽ ልጅ በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በሌላው እንዲነዳት ታስቦ፣ የእጅ ፍሪሲዮን እንዳይኖራት መደረጉን ካነበብኩ ወዲህ የሂርናውን ልጅ ባየሁ ቁጥር ያ ጃፓናዊ ልጅ ትዝ ይለኛል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዓለም የሚያውቀው ሞተር የሀብታም መጫወቻ ሳይሆን የተላላኪ ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተሮችን ስታግድ መንገዱ ድንገት ጸጥ አለ። ብዙዎች ተመቻቸው፤ እኔ ግን ናፍቆት ያዘኝና በበዓል ወደ ጭሮ ወረድኩ።

ጭሮ ሞተር በሞተር ሆናለች። ድምፁ ተደበላልቆ ማን እንደመጣ መለየት ቀርቷል፣ የሚሮጥ ልጅም የለም። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። አንድ ወጣት አጠገቤ ቆመና «ወዴት ነው? ና ውጣ አቦ!» አለኝ። የሐረርጌ ልጅ በአንቱታ አይጨናነቅም፤ ያም ናፍቆኝ ነበር። ወደ ኩኒ እየወጣን ስለ ሞተሯ ጠየቅሁት። ከወንድሙ ጋር በጫት ገንዘብ ተጋርተው ነው የገዟት፤ አንድ ቀን የሱ፣ አንድ ቀን የወንድሙ።

«እናታችን ስኳር አለባት» አለኝ ድምፁን ከነፋሱ በላይ ከፍ አድርጎ። «አያቴ ስትታመም በቃሬዛ ነው ያወረዷት፣ ጎረቤት ሁሉ እየተቀያየረ። እናቴን ግን እኔ ነኝ ሆስፒታል የማደርሳት። የቀጠሮዋ ቀን የወንድሜ ተራ ቢሆንም ይለቅልኛል።»

ኩኒ ስንደርስ ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሰው። ለቤንዚን ነው ብዬ ስለምነው ብቻ ተቀበለኝ፤ ወዲያው ከመንገድ ዳር አንድ ሃይላንድ ገዝቶ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠው። ነገ የወንድሙ ቀን ስለሆነ በባዶ አላስረክበውም አለኝ።