አባወራው ጎንበስ ሲል



በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ስናገለግል፣ የገበሬ ቤት ገብተን ጸልየን ቡና ሲፈላ አንዳንድ አባወራ የመሬት ደብተሩን አውጥቶ ያሳየናል። በክልላችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው በዚህ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ሰፍሯል። በእኛ ልጅነት ይህ የሚታሰብ አልነበረም። መሬቱ በአባት ስም ይጠራል፣ በሬው የአባት ነው፣ የመጨረሻው ቃልም የእርሱ። አባት ራቱን ሲበላ ልጅ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፤ ሲመሽ እግሩን ያጥባል። ፍቅር አልነበረም ማለታችን አይደለም። ፍቅሩን የምናውቀው ግን ከገበያ በሚያመጣልን ሸንኮራ እንጂ ከአፉ በሚወጣ ቃል አልነበረም።

ሕጉም ከዚሁ ጋር ይስማማ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ከዚያም የክልላችን የ1995ቱ ሕግ፣ ባልና ሚስትን በቤት አስተዳደር እኩል አደረጓቸው። ሚስት ደመወዝ ይዛ መግባት ጀመረች። ፎርም የሚሞላውና ስልክ የሚያስተካክለውም ልጅ ሆነ። ታዲያ በአባት እጅ ምን ቀረ?

ሞጣ ያለ አንድ ወንድማችን ይህንኑ በራሱ መንገድ ጠይቆናል። ልብስ ሰፊ ነው። ባለቤቱ ገጠር ስለምታስተምር ቤት የምትመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ሁለቱን ሴት ልጆቹን ጠዋት አጥቦ፣ ጸጉራቸውን ሠርቶ፣ ምሳ ቋጥሮ የሚልካቸው እርሱ ነው። መጀመሪያ ሽሩባው ይጣመምበት ነበር አሉ፤ እጁ ስፌት ያውቃልና ቶሎ ለመደው። ጎረቤት ግን “ሴታ ሴት” ይለዋል። አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ቀረብ ብሎ፣ “ፓስተር፣ ቃሉ ባል ራስ ነው ይላል። እኔ እንዲህ እየዋልኩ ራስ ነኝ ማለት ይቻላል?” አለን። ሲጠይቅ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኤፌሶን 5ን አብረን ገለጥን። እዚያ ራስነት የሚለካው በክርስቶስ ነው፤ እርሱ ደግሞ ራስ ሆኖ ሳለ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ቀጥለን ወደ ሆሴዕ 11፥3 ሄድን። እግዚአብሔር ኤፍሬምን ክንዱን ይዞ መራመድ እንዳስተማረው የሚናገርበት ቦታ ነው። ይህን ሥራ እኛ አገር ለእናት ወይም ለሞግዚት እንተወዋለን። ሕፃን ክንዱን ይዞ የሚያስኬድ ሰው ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይጎነበሳል። ወንድማችን ጥቅሱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

የድሮውን አባት ሁሉ ግን አንጣል። ልጁን እርሻ ይዞ ወጥቶ ሞፈር ያስጨብጠው ነበር፤ ሳይነጋገሩም ቢሆን አብረው ይውሉ ነበር። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ የዛሬ አባት ከዚያ ገበሬ ይልቅ ከልጁ የራቀ ይመስለናል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሦስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ገንፎ ለማገንፋት ይበቃል!

ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥21 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ሲያዝዝ ምክንያቱን አብሮ ጽፏል፤ ልባቸው እንዳይዝል ነው። የዛለ ልብ ምን እንደሚመስል ለመጋባት የሚዘጋጁ ወጣቶችን ስናስተምር እናየዋለን። ወንዶቹን፣ “አባትህ እጁን ጭኖ፣ ስምህን ጠርቶ ጸልዮልህ ያውቃል?” ብለን እንጠይቃለን። አብዛኞቹ ወለሉን ያያሉ። ባለፈው ግን አንዱ፣ “አባቴ ቢቸና አለ፤ አሁን ብሄድና ጸልይልኝ ብለው ያፍር ይሆን?” አለን። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ነገርነው።