ከ1 በላይ፣ ከ1 በታች

የከተማ ፕላን ተማሪ ጓደኞቻችን እጅ ውስጥ አንዲት አጭር ሂሳብ አለች። እኛ የቋንቋና የታሪክ ሰዎች ቁጥር ሲመጣ ሸሸት ማለት ይቀናናል፤ ይህችን ግን መሸሽ አያዋጣንም፤ የምታወራው ስለ እንጀራችን ነውና።

እንዲህ ናት። በጎንደር ከ100 ሠራተኛ 12ቱ በሆቴልና በምግብ ቤት ይሠራሉ እንበል፤ በአገር ደረጃ ደግሞ ከ100ው 4ቱ ብቻ። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ይወጣል። ውጤቱ ከ1 በላይ ከሆነ ከተማዪቱ ከራሷ ፍላጎት አልፋ ለውጭ ሰው ትሸጣለች ይባላል። 4ቱ ጎንደሬውን ሲያስተናግዱ 8ቱ ከውጭ ገንዘብ ያስገባሉ፤ ስማቸውም «መሠረት» ነው። ልብስ ሰፊው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ አራዳ ላይ ጀበና ጥዳ የምትውለው ሴት በነሱ ትከሻ ያድራሉ። በከተማው በጠቅላላ ከ100ው 20ው መሠረት ቢሆኑ፣ ከነሱ አንዱ ሥራ ሲፈታ ራሱን ጨምሮ አምስት ሰው ይወድቃል ማለት ነው።

ጎንደር ይህን ያለ ሂሳብም ታውቀዋለች። በነገሥታቱ ዘመን መሠረቷ ቤተ መንግሥቱና ወደ ስናር፣ ወደ ምጽዋ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ሲደክም ከተማዪቱም ደከመች። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ፤ ጎብኚውም አንዱ መሠረት ሆነ። በ2020 ወረርሽኙ መጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በ2023 ደግሞ በክልላችን ውስጥ ሌላው ቀጠለ። አስጎብኚው ቤቱ ሲቀመጥ ሊስትሮው የሚጠርገው ጫማ አጣ። ማባዣው ወደ ታችም ያባዛል እኮ!

እስከዚህ ድረስ ሂሳቧን እናከብራታለን። ጠባችን የሚጀምረው ደጋው ላይ ነው።

ዳባትን ወይም ወገራን ውሰዱ። የገበሬው ድርሻ ከአገሩ አማካይ በላይ ስለሆነ ውጤቱ ከ1 ይበልጣል። ሂሳቧም «ይህ ወረዳ በእርሻ በርትቷል፣ ትርፉን ይሸጣል» ትላለች። ምኑን ነው የሚሸጠው? አፈሩ የታጠበ ተረተር ላይ ገብስ የሚዘራ ሰው ገበሬ የሆነው ሌላ ሥራ ስላጣ ሊሆን ይችላል። ችግርን እንደ ብርታት መቁጠር ይሏል ይህ ነው! ያው ሰው በክረምት ሰሊጥ ሊያርም መተማ ይወርዳል፤ በመስከረም ለአጨዳው ይመለሳል፤ በበጋ ጎንደር መጥቶ ድንጋይ ይሸከማል። «ባለፉት 7 ቀናት ምን ሠራህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እንደ ወሩ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ እንኳ የ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያኔ ጎንደር 207,044 ሰው ነበራት። መንገዱ፣ ብድሩ፣ የሥልጠና ጣቢያው የት ይሁን የሚባለው እንግዲህ በዚህ ቁጥር ላይ ተቁሞ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችንን እንጠይቃለን፦ አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ ውሉና ቆርቆሮ የሚገዛውን ደገኛ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ለነገሩ ሰውን በቀጥታ መጠየቅ በመማሪያቸውም የተጻፈ ስልት ነው፤ የሚዘለለው አድካሚና ውድ ስለሆነ ነው።