ያለ ኮምፓስ በውሃ ላይ፤ ከጣና ታንኳ እስከ ቪኪንጎች መርከብ

ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በባሕር ዳር ወደብ ቆሜ ታንኳ ስጠብቅ፣ ጭጋጉ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖት ነበር። ወደ ዘጌ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ባለታንኳ የማገዶ እንጨታቸውን በዋዜማው ገበያ ሸጠው ባዷቸውን ስለ ነበሩ፣ በጥቂት ገንዘብ ሊያሻግሩኝ ተስማሙ። ታንኳው ሳንቃም ምስማርም የለው፤ እስር ደንገል ብቻ ነው። ከዳር ጥቂት እንደ ራቅን ወደ ፊት ብመለከት ከነጭ ጭጋግ በቀር የሚታይ ነገር አጣሁ።

«አያ፣ ዘጌ በየት በኩል እንደ ሆነ በምን ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ዓይን ሲጋረድ ጆሮ ይሠራል፤ ጆሮ ሲደክም ገላ ይሠራል» አሉና ረጅሙን የቀርከሃ ዘንግ ወደ ውሃው ሰደዱት።

ነገሩን ሲያብራሩልኝ ምሥጢር አልነበረበትም። ነፋሱ ማጅራታቸውን ይነካቸዋል፤ ማዕበሉ ታንኳውን በየትኛው ጎን እንደሚመታው ይሰማቸዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ብርሃኑ ከቀኝ ትከሻቸው ኋላ መሆን አለበት፤ የክብራን ገብርኤል ደወል ከተሰማ ደግሞ ርቀቱን ይገምታሉ። ነፋሱ የሚታመንበት ምክንያት አለው። ሌሊት የብስ ከውሃ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከምድር ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ ከቀትር በኋላ ግን የብሱ ስለሚሞቅ ከሐይቁ ወደ ምድር ይመለሳል። ስለዚህ ጧት ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ነፋሱን ከኋላው ያገኘዋል።

ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። አየሩ በጠራ ቀን መንገድ መፈለግ አያስቸግርም። የዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ከውሃው 100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በታንኳ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከውሃው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ የምድር ክብነት የውሃውን ገጽ ከ4 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ይሰውርበታል፤ የዳጋን ጫፍ ግን ከ39 ኪሎ ሜትር ርቀት እንኳ ሊያየው ይችላል። ከባሕር ዳር እስከ ዳጋ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ችግሩ እንዲህ እንደዚያ ቀን ጭጋግ ሲወርድ ነው።

ሽማግሌው ሲናገሩ ሐሳቤ ወደ ሩቅ ሰሜን ሄደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ8ኛው እስከ 11ኛው ምዕት ዓመት የነበሩት ቪኪንጎች የሚባሉት የኖርዌይና የአካባቢዋ መርከበኞች፣ በክፍት ውቅያኖስ ላይ አይስላንድንና ግሪንላንድን አልፈው እስከ አሜሪካ ደርሰዋል። በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ በ1021 ዛፍ እንደ ቆረጡ በ2021 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። ኮምፓስ ግን በአውሮፓ የታወቀው በ12ኛው ምዕት ዓመት ነው። ታዲያ በምን ተመርተው ሄዱ?

አንዱ መልስ በአይስላንድ በተጻፈ በአንድ የቆየ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከኖርዌይ ተነሥቶ ወደ ግሪንላንድ የሚሄድ ሰው ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ይቀዝፋል። የመንገዱም ምልክት ይህ ነው፦ የሼትላንድ ደሴቶች በጠራ ቀን ብቻ እስኪታዩ ድረስ ይርቃል፤ የፋሮ ተራሮች እስከ ወገባቸው በባሕር ተውጠው እስኪታዩ ይጠጋል፤ ከአይስላንድም በስተ ደቡብ ወፎችና ዓሣ ነባሪዎች በሚገኙበት በኩል ያልፋል። የተራራው ግማሽ በውሃ መሰወሩ ያው ዳጋን ከሩቅ ስናይ የሚያጋጥመን የምድር ክብነት ነው።

ሁለተኛው የወፍ ነገር ነው። ፍሎኪ የሚባል መርከበኛ ሦስት ቁራዎች ይዞ እንደ ወጣ ይተረካል። የመጀመሪያው ወደ መጡበት በረረ፤ ሁለተኛው ዞሮ ወደ መርከቡ ተመለሰ፤ ሦስተኛው ግን ወደ ፊት ስለ በረረ ተከትለውት አይስላንድን አገኙ። የኖኅን ቁራና ርግብ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም።

ሦስተኛው የፀሓይ ነገር ነው። በ1948 በግሪንላንድ የአንዲት ክብ እንጨት ግማሽ ስባሪ ተገኘች፤ ስፋቷ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዳንድ ሊቃውንት በጥላ አቅጣጫ የምትለካ የፀሓይ ኮምፓስ ናት ሲሉ፣ ሌሎች አይቀበሉትም። ፀሓይ በደመና ስትሸፈን ብርሃንን ለሁለት የሚከፍል ጥርት ያለ ድንጋይ ይጠቀሙ ነበር የሚልም አሳብ አለ። በ2018 የሀንጋሪ ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ባደረጉት ስሌት፣ ድንጋዩን ቢያንስ በየሦስት ሰዓቱ የሚመለከት መርከበኛ ከመቶ 90 ጊዜ በላይ ግሪንላንድ ሊደርስ ይችላል። ሆኖም እንዲህ ያለ ድንጋይ በቪኪንጎች መርከብ ውስጥ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የዚያ አገር ፀሓይ ከእኛይቱ ይልቅ አስቸጋሪ ናት። በጣና የፀሓይ መውጫ ዓመቱን በሙሉ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ ከ24 ዲግሪ በላይ አይርቅም፤ በደቡብ ግሪንላንድ ግን እስከ 55 ዲግሪ ይርቃል። ከዚህም ሌላ እነርሱ በሚጓዙበት በበጋ ወራት ሌሊቱ ስለማይጨልም ኮከብ ብዙ አያገለግላቸውም ነበር።

የሰሜኑ ሰውና የጣና ደንገል አንድ ጊዜ በእውነት ተገናኝተዋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ታንኳ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ፈልጎ፣ ደንገሉን ከጣና አስቆርጦ ወሰደ። በ1969 የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች የሠሩለት «ራ» ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ውሃ ጠጥታ ተተወች። በ1970 የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ከኢትዮጵያ ደንገል የሠሩለት «ራ ሁለት» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ይህን እያሰብሁ ሳለ ጭጋጉ ተገፈፈ። የዘጌ ደን ከፊታችን ቆሟል፤ ወደቡ ግን በመቶ እርምጃ ያህል ወደ ቀኝ ነበር። ሽማግሌው ሳቅ አሉና «ዛሬስ ወደ ግራ አጋደልን» ብለው ታንኳውን አቀኑት። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ነፋስ ይዞራል፣ ደወል በጭጋግ ያታልላል፣ ማዕበልም አቅጣጫ ይለውጣል። አንዱ ሲያሳስት ሌላው ያርማል፤ የመርከበኛ ዕውቀት ማለት ምልክቶቹን እርስ በርስ ማመሳከር ነው።

ከወረድን በኋላ ይህን ዕውቀት ለማን እንዳስተማሩ ጠየቅኋቸው።

«ልጄማ ሞተር ጀልባ ነው የሚነዳው» አሉኝ። «መንገዱን በስልኩ ያያል። ይቅናው እንጂ ምን እላለሁ?»

በልጁ ማንም ሊፈርድ አይችልም፤ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ስልኩም ጭጋግ አይጋርደውም። ታንኳው ራሱም ውሃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ካልደረቀ ብዙ አይቆይም። በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ለዳርቻው ሌላ መከራ ሆኗል። ነገር ግን የቪኪንጎችን ነገር እናስብ። ባሕሩን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ በዝርዝር የጻፈ ስላልነበረ፣ ዛሬ ስንት ሊቅ በአንዲት የተሰበረች እንጨት ላይ ይከራከራል። የእኛዎቹ ግን ገና አሉ፤ ቢጠየቁም ይመልሳሉ።

በባሕር ዳር የምትማር ተማሪ፣ በሐይቁ ዙሪያ ላለ መሥሪያ ቤት የተመደብህ ጸሓፊ፣ ለዚህ የሚያስፈልግህ አንድ ደብተርና የአንድ ቅዳሜ ጧት ጊዜ ነው። እኔም በዘጌ ወደብ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሽማግሌው የነገሩኝን በሁለት ገጽ ጻፍሁ። ሳነብላቸው በሦስት ቦታ አረሙኝ።