የባትሪው ነገር

ነገሩ የጀመረው በባትሪ ነው። በባትሪ ምክንያት ከሰው ጋር መቀያየም አለ ብሎ ዓምና የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር።

ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እኅቴ፣ የአሠሪዎቿ ልጅ አልፈልገውም ያለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ በሰው እጅ ላከችልኝ። ከደብተር ያነሰ፣ ፊቱ ወረቀት የመሰለ ዕቃ ነው። «አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል ብለውኛል» አለችኝ በስልክ። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ለሚለቃቅም ተማሪ ይኽ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። የዚያኑ ሌሊት ከየሰዉ ፍላሽ እየለመንሁ 412 መጻሕፍት ገለበጥሁበት። እስካሁን ያነበብሁት አራቱን ነው፤ እሱን ለጊዜው እንለፈው።

ምን ያደርጋል! ሳምንታት የተባለው ባትሪ በሁለተኛው ቀን ጭጭ። ዋይፋዩን አጠፋሁ። የፊቱን ብርሃን ዝቅ አደረግሁ። ቻርጀር ተዋስሁ፣ ሶኬት ቀየርሁ። ያው ነው። ዕቃ መጠርጠር ሲሰለቸኝ ሰው ጠረጠርሁ።

ከላዬ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛውን ልጅ መምሬ እንለዋለን። ስሙ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ ስለ ነበረ ያወጣንለት ነው። አንዳንድ ማታ ማንበቢያውን ይዋሰኝና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የቼኾቭን አጫጭር ታሪኮች በእንግሊዝኛ ያነባል፤ እየከበደው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። አንድ ጠዋት ባትሪው አልቆ ሳገኘው፣ ዶርሙ ሙሉ ሰው እያለ፣ «የሰው ዕቃ ሲይዙ ትንሽ አይራሩም እንዴ?» አልሁ። ስም አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገኝ።

ይባስ ብዬ በማስረጃ ላፋጥጠው ፈለግሁ። ማንበቢያውን 100% ሞላሁና ሎከር ውስጥ ቆለፍሁበት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርሁ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው 9% ቀርቶታል። ለካ ሌባው ከዕቃው ጋር አብሮ ተቆልፎ ኖሯል!

ጎረቤት ዶርም ወዳለ የኤሌክትሪካል ተማሪ ወሰድሁት። እንዳስረዳኝ፣ የዚህ ዓይነቱ ስክሪን ፊደል የሚሠራው በጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ያሉ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ነው። ቅንጣቶቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ኃይል አይጠይቁም፤ ስክሪኑ ባትሪ የሚበላው ገጽ ሲገለጥ ነው። «እንግዲያው ሳይነበብ ካለቀ፣ ውስጡ የሚሠራ ነገር አለ» አለ።

ነበረም። ማሽኑ አዲስ መጽሐፍ ሲገባለት፣ ኋላ ቃል ፈልግ ሲሉት እንዲያገኝ፣ ቃላቱን እየለቀመ ማውጫ ያበጃል። እኔ በአንድ ሌሊት 412 ስጭንበት ሌት ተቀን መዝጋቢ አደረግሁት። ይኽስ ቢሆን ባለቀ ነበር፤ ግን አንዱ ፋይል ሲገለበጥ ተቆርጦ የቀረ ነው። እዚያ ይደርሳል፣ ይሰናከላል፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ልጁ መፈለጊያው ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ደረደረ፤ ማሽኑም «አላገኘሁም» ካለ በኋላ ገና ያልመዘገበውን ጠቆመ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ሰረዘው፤ ማብሪያውን 40 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ እንደገና አስነሣው። ይኸው ባትሪው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የተሰረዘውን መጽሐፍ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼው አላውቅም።

መምሬን የዚያን ማታ ካፌ ሰልፍ ላይ አገኘሁትና ሁሉን ዘከዘክሁለት፤ ቅንጣቱን፣ ማውጫውን፣ ሎከሩን ሳይቀር። ስለ ባትሪው ብዙ አወራሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እንኳን ተሠራልህ» አለኝ።

«ና ውሰደው እንጂ፣ ቼኾቭ ይጠብቅሃል።»

«እሺ፣ ፈተናው ይለፍ።»

ፈተናው ካለፈ ዐሥር ቀን ሆነው። ማሽኑ አንባቢው የቆመበትን ይዞ ያቆያል፤ ቼኾቭ 61% ላይ ነው። ትናንት ማታ መብራት ሲሄድ ከፍቼ አየሁት። 61%። ከላዬ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ እሱም አልተኛም።